ሰባት መከር በቆብ ሥር

በዘመነ ሰማዕታት በአንድ መቶ ሃያ ሦስተኛው ዓመት፣ ሚያዝያ በባተ በሦስተኛው ቀን፣ በግብፅ፣ በአስቄጥስ በረሃ ነፋስ ከምዕራብ ነፈሰ፤ የጨው ሐይቆቹ ዳርቻ ደርቆ ነጣ፤ በየጉብታው የተበተኑት የመነኮሳት በአቶችም ደጃፋቸው አሸዋ ሞላ። ዘመኑ የሮም ግዛት ለሁለት ወንድማማች ነገሥታት ተከፍሎ አንዱ የሌላውን ፊት ሳያይ የሚገዛበት፣ ሊቃውንቱ በሃይማኖት ቃል የሚወጋገዙበት፣ ከምዕራብ አሸዋ ማዶ ያሉት ዘላን ነገዶችም የድንበሩ ጭፍራ መሳሳቱን አይተው ግመላቸውን የሚጭኑበት ዘመን ነበር። መነኮሳቱ ግን በዚያ ሳምንት የሚያስቡት ስለ መከር ነበር፤ መነኩሴም ቢሆን ይበላልና።

ልማዱ እንዲህ ነው። ስንዴው ሲደርስ በበረሃው ውስጥ ጉልበት ያለው ሁሉ ማጭዱን ይዞ ሁለት ቀን ወደ ምሥራቅ ይጓዛል፤ ወደ ዓባይ ዳር መንደሮች ወርዶ ለገበሬ ያጭዳል፤ የዓመት ቀለቡን ተሸክሞ፣ የተረፈውን ለድኻ ሰጥቶ ይመለሳል። በእርሻው ላይ ሳለ ረጅሙን ቆቡን እስከ አፍንጫው ዝቅ ያደርጋል፤ ስሙን አይናገርም፤ የተወለደበትንም አገር አይጠራም። ገበሬዎቹ ይህን ስለሚያውቁ «እናንተ ባለቆቦች» ብለው ይጠሯቸዋል እንጂ የማን ልጅ ነህ አይሉም። ደንቡን የሠሩት አባቶች መነኩሴውን ከከንቱ ውዳሴ ለመጠበቅ ነበር የሠሩት፤ ከውዳሴ ሌላ ምን ሊሸሸግበት እንደሚችል ያሰቡ አይመስለኝም።

አባ ሐትሬ በዚያ ቀን መንገድ ከመጀመሩ በፊት ወደ መምህሩ ወደ አባ ፕሰንታ በአት ሄደ። አባ ፕሰንታ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፣ ጥርሳቸው ያለቀ፣ ምላሳቸው ግን ያልደነዘ ሽማግሌ ነበሩ፤ እጃቸው ከዘንባባው ጉንጉን ተለይቶ አያውቅም። ከበረሃው የሚወጣ ሁሉ በልቡ ያለውን ሐሳብ አንድም ሳያስቀር ለመምህሩ ገልጦ ይወጣል፤ ሐትሬም ይህን ሃያ ሁለት ዓመት አድርጓል፤ አንዲት ሐሳብ ግን ሰባት ዓመት ደብቋል።

«አባቴ፣ ይፍቱኝ። ለመከር ልወርድ ነው።»

«እግዚአብሔር ይፍታህ። የት ትወርዳለህ?»

«እንዳምናው ታቤሂ።»

የአረጋዊው እጅ ቆመ። «ታቤሂ። ሰባት ዓመት ሙሉ ታቤሂ። የታቤሂ ስንዴ ማር አለበት እንዴ?»

ሽማግሌው ጉንጉናቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ይጠብቁት ጀመር፤ ሲጠብቁ አይቸኩሉም። በመጨረሻ ሐትሬ መሬት መሬት እያየ ተናገረ።

«የማጭድለት ሰው ወንድሜ ነው፣ አባቴ።»

«ያ ዓይኑን ያጠፋኸው?»

«አዎ።»

«እሱስ ያውቅሃል?»

«የት ያውቀኛል! ቆቤን ዝቅ አድርጌ ነው። ከሁሉ ቀድሜ እገባለሁ፣ ከሁሉ ኋላ እወጣለሁ፤ ድርሻዬንም እዚያው ለመንደሩ ድኻ እተዋለሁ። ንስሐ መስሎኝ ነው።»

«እና አይተኸው ትጠግባለህ?»

የሐትሬ ዓይን እንባ አቀረረ። «አልጠግብም። ተመልሼ ዓመቱን ሙሉ ስናፍቀው ነው የምከርም።»

«ሌባ!» አሉት ሽማግሌው። «አንተ በዓመት በዓመት ወንድምህን ጠግበህም ባይሆን አይተህ ትመጣለህ፤ እሱ ወንድሙን አየ? የበደለ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ማረኝ ይላል እንጂ በቆብ ሥር ያጮልቃል?»

«ፈርቼ ነው።»

«ምኑን? ይገድለኛል ብለህ?»

«አልምርህም ይለኛል ብዬ።»

«ይበላ! መብቱ አይደለም?»

«ቁጣዬን እንኳ ድል ነሥቻለሁ፣ አባቴ» አለ ሐትሬ፣ አንድ መጽናኛ ፈልጎ። «ሃያ ሁለት ዓመት በማንም ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም።»

«በማን ላይ ከፍ ታደርገው? በዘንባባው ላይ?» አባ ፕሰንታ ሳቁ፤ ወዲያው ግን ፊታቸው ከበደ። «ስማኝ፣ ልጄ። ውረድ። ቆብህን ገልጠህ ፊትህን አሳየው። እስኪምርህ እዚያው ተቀመጥ። እሱ ራሱ ‹ሂድ› ብሎ ሲልክህ ትመጣለህ፤ እሱ ሳይልክህ ብትመጣ ይህን ደጅ አልከፍትልህም።»

ሐትሬ እግራቸውን ስሞ ወጣ።

የሐትሬ ኃጢአት ለመናገር አጭር ነው። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት በታቤሂ መንደር፣ በሰኔ ዓባይ በሚጎድልበት ወራት፣ ታናሽ ወንድሙ ፊብ ተራው ሳይደርስ የመስኖውን ውሃ ወደ ራሱ የሽንኩርት መደብ ቀለበሰው፤ ሐትሬ ጠየቀው፤ ፊብ ሳቀበት፤ ሐትሬም በያዘው የመቆፈሪያ እጀታ ፊቱን መታው። ሐትሬ ግራኝ ነበርና ምቱ የፊብን ቀኝ ዓይን አገኘ። እናታቸው እየጮኸች ስትመጣ እጀታውን ጥሎ ሮጠ፤ ሲሮጥም በረሃ ገባ። በአስቄጥስ ሰው ሁሉ የሚያውቀው የእንባውን ብዛት ነው፤ ጀማሪ መነኮሳት «እንደ አባ ሐትሬ ማልቀስን ስጠን» ብለው እስከ መጸለይ ደርሰው ነበር። አሥራ አምስት ዓመት ከታቤሂ በራቁ እርሻዎች አጨደ። በአሥራ ስድስተኛው ዓመት የአጫጆቹ አለቃ ሳያውቅ ወደ ታቤሂ መራቸው፤ ሐትሬ ወንድሙን በአንድ ዓይኑ እያየ ነዶ ሲቆጥር አገኘው፤ ደንቡ ደግሞ ቆብህን ዝቅ አድርግ፣ ስምህን አትናገር ይላል። ደንቡን አከበረ። ሰው ሲፈራ ደንብ እንዴት ደስ ይላል!

በመንገድ አብሮት የተጓዘው አባ ሱሮስ ነበር፤ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ከባቄላ በቀር ሌላ ፈተና የሌለበት ሰው ነው። በሁለተኛው ቀን ከአሸዋው ጫፍ ሆነው አረንጓዴውን ምድር ሲያዩ ሱሮስ ምራቁን ዋጠ።

«ሽንኩርት ሸተተኝ» አለ።

«እኔን ሞት ነው የሸተተኝ» አለ ሐትሬ።

«ኧረ ወግድ! ደግሞ ምን ሆነህ ነው?»

ሐትሬ ነገሩን ሁሉ ነገረው። ሱሮስ ቀሪውን መንገድ ስለ ምግብ አላወራም።

ታቤሂ ሲደርሱ የተቀበለቻቸው የፊብ ሚስት ኤሬኒ ነበረች፤ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ማጭድ በወገቧ ሽጣ፣ እንደ ወንድ እርሻው መካከል ቆማለች። «መጣችሁ፣ ባለቆቦች? በሉ ግቡ። ዘንድሮ የማሰማራችሁ እኔ ነኝ» አለች። ሐትሬ ወንድሙን በዓይኑ ፈለገው። ፊብ ከእርሻው ዳር ባለው ሾላ ሥር በሰሌን ላይ ተቀምጦ ፊቱን ወደ አጫጆቹ አዙሯል፤ እንደ ወትሮው ሲዞር፣ ሲቆጣጠር አይታይም።

ሐትሬ እስከ መጀመሪያው ዕረፍት አጨደ። ከዚያ ማጭዱን ነዶው ላይ ሰካ፤ እንደ ሰካራም እየተወላገደ ወደ ሾላው ሄደ፤ በወንድሙ ፊት ቆመና ሰባት ዓመት ያልተነሣውን ቆብ ከፊቱ ወደ ኋላ ገፋው። ነፋሱ ግንባሩን ሲነካው ራቁቱን የቆመ መሰለው። ቁጣውንም፣ ጩኸቱንም፣ ድንጋዩንም ጠበቀ። ፊብ ግን ትክ ብሎ እያየው ምንም አላለም፤ ፊቱም አልተለወጠም። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንገቱን ዘንበል አድርጎ «ማነው የቆመው?» አለ።

ያን ጊዜ ሐትሬ ሞራውን አየ። የቀረችው ግራ ዓይን እንደ ሌላይቱ አልፈሰሰችም፤ ነገር ግን እርጎ የመሰለ ነጭ ጋርዷታል።

«ፊብ» አለ። «እኔ ነኝ።»

ፊብ አልደነገጠም። «ግራኙ» አለ፣ ቀስ ብሎ። «ቆብህን ገለጥከው?»

«ገለጥኩት። ታውቀኛለህ እንዴ?»

«በመጀመሪያው ቀን ነው ያወቅሁህ፣ የዛሬ ሰባት ዓመት። በግራ እጁ የሚያጭድ መነኩሴ ስንት አለ? ነዶ ስታስር ደግሞ እንደ አባታችን ሁለት ጊዜ ትጠመዝዛለህ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«አይ ያንተ ነገር! እኔ ነኝ የምጠየቀው?» ፊብ ሳቀ፤ ሳቁ ደስ አይልም። «በመጀመሪያው ዓመት፣ አሁን ደክሞት ነው፣ ማታ በእራት ይነግረኛል አልኩ። ኤሬኒን ዓሣ አሠራኋት። አንተ ዓሣ አልበላም ብለህ ደረቅ ዳቦህን በጨው በልተህ ሄድክ። በሁለተኛው ዓመት ከጎንህ ሆኜ ቀኑን ሙሉ አጨድኩ። ስለ እናታችን ለጎረቤት እንደማወራ ሆኜ አወራሁ፤ እንዴት እንደሞተች፣ ስትሞት ማንን እንደጠራች። እናትህ መሞቷን የሰማኸው ያን ቀን ነው፤ ቆብህ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ዝም አልክ! አንተ ድንጋይ!»

ሐትሬ ከሰሌኑ ዳር መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«አምና ይህችኛዋም መፍዘዝ ጀመረች። ሞራ ነው አሉኝ። እንዲያው ለዘንድሮ መከር ትድረስልኝ ብዬ ተሳልኩ፤ ፊቱን አንድ ጊዜ ልይና ከዚያ ትጥፋ ብዬ። አልደረሰችም። በዐቢይ ጾም እኩሌታ ጠፋች፤ ለጥቂት ሳምንት ነው ያመለጠህ፣ አባ። አሁን ብትገልጠውም ብትደፋውም ለኔ አንድ ነው።»

«ፊብ፣ ማረኝ።»

«ምኑን ልማርህ? ዓይኔን? እሱንማ ድሮ ምሬህ ነበር፤ በቁጣ ነው የመታኸኝ፣ እኔም ውሃህን ሰርቄሃለሁ። ቆቡን ግን በቁጣ አልደፋኸውም፣ ሐትሬ። አስበህ ነው የደፋኸው፤ ሰባት ጊዜ።»

በስተኋላ እየመጣ የነበረው አባ ሱሮስ ይህን ሰምቶ ባለበት ቆመ፤ ከዚያ ዞሮ ወደ ማጨዱ ተመለሰ። መከሩ እስኪያልቅ አጭዶ፣ ቀለቡን ተሸክሞ ብቻውን ወደ በረሃ ሄደ። ሐትሬ ቀረ፤ መምህሩ ያዘዙትንም ለፊብ ነገረው።

በጭድ ቤቱ ውስጥ አደረ። በየማለዳው ፊብን እጁን ይዞ ወደ መስኖው ይመራዋል፤ በረጅም እንጨት ጫፍ በታሰረ ባልዲ ውሃ እየሳበ የሽንኩርቱንና የዱባውን መደብ ያጠጣል፤ ሥራውን ከመጀመሩ በፊትም ሁልጊዜ «ማረኝ» ይላል። ፊብም ይመልሳል፤ «ዛሬ አልተመቸኝም፣ አባ ቅዱስ፤ ነገ ሞክሩ» ይላል፤ ወይም «እስቲ መጀመሪያ ለዱባው ጸልዩለት፤ ጠውልጓል» ይላል። የመንደሩ ሰዎች ነገሩን ሰምተው ሊያዩት ይመጣሉ። ኤሬኒ አንድ ቀን ባሏን «አሁንስ በዛ፤ ሰውየው አጥንቱ ቀረ» ብትለው፣ «ሰባት ዓመት ጠብቄዋለሁ፤ ሰባት ሳምንት አይጠብቀኝም?» አላት። ሐትሬ ይህን ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል፤ በለሰለሰ ድምፅ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» እያለ ይመልሳል። በልቡም ድል እየነሣሁ ነው ይል ነበር። ምሽት ላይ ሥራ ሲያልቅ ግን ፊቱን ወደ ምዕራብ አዙሮ ይቆማል፤ በአቱን፣ ዝምታውን፣ የመምህሩን የሚቆጣ ድምፅ እንኳ ይናፍቃል።

ሰኔ ገባ። ዓባይ ከዓመቱ ሁሉ ዝቅ ብሎ ወረደ፤ በአንድ ቀዳሚት ዕለት ሐትሬ ገና ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ ፀሐይ እስክትሞቅ ድረስ ውሃ ሳበ፤ ትከሻው ቆሰለ፤ በመጨረሻ መደቡን የሚያጠጣው ቦይ እስከ አፉ ሞላ። ፊብ በዱላው መሬቱን እየነካ መጣ። የቦዩን ዳር በእግሩ ዳበሰ፤ ግድቡ የቱ ጋ እንዳለ ከልጅነቱ ያውቃል። ተረከዙን አነሣና ጭቃውን ናደው። ውሃው ሁሉ እየተንቦጫረቀ ወደ ባዶው ሜዳ ፈሰሰ።

«ይኼን ያህል ሰዓት የቀዱት ይቺኑ ብቻ ነው፣ አባ ቅዱስ?» አለ ፊብ።

ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመት የት እንደገባ አልታወቀም። ሐትሬ ባልዲውን ጣለ፤ «አንተ ክፉ! አንተ ውሻ!» ብሎ ጮኸ፤ ድምፁ ከሜዳው ማዶ ተሰማ፤ ግራ እጁም ተነሣች። ቁጣው አንዲት ጥርስ አልጎደለበትም ነበር፤ በጾሙም በስግደቱም መካከል ተኝቶ ኖሮ ጉልበቱን ሳይቀንስ ነቃ። የቀሚሱ እጅጌ በነፋስ ሲንቀሳቀስ ፊብ ሰማው፤ ፊቱንም አላዞረም።

«ምታ» አለ ፊብ። ቀጥሎ ደግሞ፣ በሌላ ድምፅ፣ «እኔ እኮ ያንን ያንተን ድምፅ ረስቼው ነበር፤ በውኃ የተነከረ ዳቦ ይመስል የሚለሰልስ አንድ መነኩሴ ነው ቤቴ የገባው። አሁን መጣህ። ምታና ይለይልን» አለ።

እጁ በአየር ላይ ቆየች። ሐትሬ በዚያች ጊዜ ያየው ሦስት ነገር ነው፤ እጁን አየ፤ ወንድሙ የጨለመ ፊቱን ለምት አቅንቶ መቆሙን አየ፤ ያለቀሰው እንባ ሁሉ ለራሱ ያለቀሰው መሆኑን አየ። እጁን ወደ ታች ማውረድ በሕይወቱ ካነሣው ሸክም ሁሉ ከበደው፤ ክርስቶስን በስሙ ጠራ፤ እጁም ወረደች። ጭቃው ላይ ተንበረከከ።

«ፊብ፣ ልመታህ ነበር» አለ። «አሁንም እጄ ላይ አለ። ምንም አልተለወጥኩም። ትናንትም ማረኝ ስልህ እንድትልከኝ ብዬ ነው፤ ወደ በአቴ እንድመለስ። አንተን አላሰብኩህም። ሰባት ዓመት ስደበቅህም አንተን አላሰብኩህም፤ እንዳታባርረኝ ነው የፈራሁት። ወንድሜ፣ ፍታኝ።»

ፊብ ዱላውን ጣለ። ቁጭ ሲል ጭቃው ቀሚሱን እስከ ወገቡ አበላሸው፤ እጁን ዘርግቶ አየሩን ዳበሰ፤ የሐትሬን ፊት አገኘ።

«ሸብተሃል?»

«ጥጥ መስዬ።»

«ጉንጭህ የት ሄደ? ጉንጫም አልነበርክ?»

«በረሃ በላው።»

«ጆሮህ ያው ነው» አለ ፊብ፤ ሳቀም፤ ሳቁ መሐል ላይ ተሰብሮ ለቅሶ ሆነ፤ ሁለቱም እንደ ልጅ አለቀሱ። ኤሬኒ ጩኸቱን ሰምታ መጥረቢያ ይዛ ስትሮጥ ደረሰች፤ አይታቸው መጥረቢያውን ከኋላዋ ደበቀችው።

«እግዜር ይፍታህ» አለ ፊብ። «እኔም ፈትቼሃለሁ። ከልቤ ነው።»

ሐትሬ ብዙ ቆይቶ፣ ዓይኑን እየጠረገ «ታዲያ ትልከኛለህ?» አለ።

«ምሬሃለሁ አልኩ እንጂ ሂድ አልኩህ እንዴ?» አለ ፊብ። «ተው እንጂ! ገና አሁን መጥተህ።»

በዚያ ዓመት ዓባይ ሞልቶ ከጎደለ በኋላ ዘላኖቹ ወደ አስቄጥስ ገቡ። ወሬውን ያመጣው አባ ሱሮስ ራሱ ነበር፤ ግማሽ ቀሚሱ ተቃጥሎ፣ እግሩ ተልጦ ታቤሂ ደረሰ፤ ኤሬኒ ባቄላ ብታቀርብለት አልበላም። አብያተ ክርስቲያናቱ መቃጠላቸውን፣ የሸሸው ሸሽቶ ያልሸሸው መታረዱን ተናገረ።

«አባቴስ?» አለ ሐትሬ።

«እንሸከምዎት አልናቸው። ‹ይቺን ጉንጉን ልጨርስ፣ ሂዱ፣ እደርስባችኋለሁ› አሉን። ታውቃቸዋለህ።» ሱሮስ አለቀሰ። «ሐትሬ የት ነው ብለው ጠይቀው ነበር ደግሞ። ገና አልተላከም ስላቸው ደስ አላቸው።»

ሐትሬ ሦስት ቀን ምግብ አልቀመሰም። ያለቀሰው ለመምህሩ ብቻ አልነበረም፤ ይህን ራሱ ለፊብ ነግሮታል። ከወጣትነቱ ጀምሮ የሚመኘው እንዲህ ያለውን ሞት ነበር፤ በበአቱ ደጃፍ፣ ጸሎት በአፉ ሳለ። አክሊሉ ወደ በረሃ በወረደበት ቀን እሱ ዱባ ሲያጠጣ ዋለ።

አራት ዓመት አለፈ። በረሃው እንደገና ሰላም ሲያገኝ የተበተኑት መነኮሳት አንድ ሁለት እያሉ ተመለሱ፤ ሱሮስም ከተመላሾቹ አንዱ ሆነ፤ ከብዙ ድካም በኋላ የፈረሱትን በአቶች ማሠራት ጀመረ። በአንድ የጥቅምት ቀትር ሐትሬን ሊጠራው መጣ።

«የበአትህ ግድግዳ ቆሟል» አለው። «ጣሪያ ብቻ ነው የሚፈልገው። ከመምህራችን ደቀ መዛሙርት የቀረነው ሁለታችን ነን። ጀማሪዎቹን ማን ያስተምራቸው? ና።»

የሐትሬ ፊት በደስታ በራ፤ ሱሮስ ያን ብርሃን እስኪሞት አልረሳውም። ፊብ ከጎናቸው ተቀምጦ ሽንኩርት ይገነጥል ነበር፤ ሁሉን ሰምቷል። ሱሮስ እግሩን ሊታጠብ ሲነሣ ሁለቱ ወንድማማቾች ብቻቸውን ቀሩ።

«ልላክህ?» አለ ፊብ።

«አንተ ታውቃለህ። ሽማግሌው ያሠሩኝ በአንተ ቃል ነው፤ የሚፈቱኝ እሳቸው ደግሞ የሉም።»

«መሄድ ትፈልጋለህ?»

«እፈልጋለሁ።»

ፊብ ሽንኩርቱን አስቀመጠ። ልጣጩን ከጭኑ ላይ አንድ በአንድ ለቀመ። «አልልክህም» አለ በመጨረሻ። «መላክ ነበረብኝ፤ አልቻልኩም። ሃያ ሁለት ዓመት ወንድም አልነበረኝም። ክፉ ነኝ፣ አይደል?»

«አይደለህም።»

«ትናፍቃለህ ግን።»

«በየቀኑ።»

«እዚያ ሳለህስ?»

«እዚያ ሳለሁ አንተን እናፍቅ ነበር።»

«እንግዲያው ናፍቆት ዕጣ ክፍልህ ነው» አለ ፊብ፤ ሊቀልድ ነበር፤ ድምፁ ግን አልታዘዘውም። ሐትሬ ፈገግ አለ፤ እጁን ይዞ አነሣው፤ የመስኖው ተራ ደርሶ ነበርና ወደ ቦዩ መራው። ሱሮስ በማግስቱ ብቻውን ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ሐትሬ አሥራ ሦስት ዓመት ኖረ፤ ማታ ማታ ወደ ምዕራብ መቆሙን አልተወም። ቁጣው ብዙ ጊዜ ተነሣበት፤ ፊብም ለቀልዱ ገደብ አልነበረውምና ምክንያት አላጣም፤ በተነሣበት ቁጥር ግን «ፊብ፣ መጣብኝ» ብሎ ይናገራል፤ ፊብም «ቁጭ በል፣ አብረን እናሳልፈው» ይለዋል። እንዲህ ያለ ተጋድሎ ተአምር አይወጣውም፤ የሚጽፈውም አይገኝም።

ታሪክ ያስታወሰው ሌላውን ነው። በበረሃው ቤተ ክርስቲያን በተጻፈው መዝገብ አባ ፕሰንታ ከሰማዕታቱ ጋር ተቆጥረዋል፤ አባ ሱሮስም የፈረሰውን ያቀና ተብሎ ተጽፏል፤ በሁለቱም ስም ግርጌ «በረከታቸው ትድረሰን» የሚል አለ። ከታች፣ ከምንኩስና በወጡት ሰዎች ተርታ፣ አንድ መስመር ተጽፋለች፤ «ሐትሬ ግራኙ፣ ለመከር ወርዶ በዓለም ቀረ፤ ነፍሱን ይማር» ትላለች። ጸሐፊው ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሰማውን ጻፈ፤ በዓለም ለቀረ ሰውም ከነፍስ ይማር በቀር ምን ይጻፍለታል? በታቤሂ ግን ፊብ ወንድሙን ከቀበረ በኋላ ስድስት ዓመት ቆየ፤ ዱላውን ፈልጎ ከመኝታው ሲነሣ በየማለዳው «በሐትሬ ጸሎት» ይል ነበር። በግብፅ ምድር የሐትሬን ጸሎት የለመነ ሰው እሱ ብቻ ነው።